ካቶሊክ ጋር ፍቺ የለም ከተባለ እነ እከሌ እንዴት ድጋሚ አገቡ?

አዲስ አበባ ላይ ካቶሊክ መሆንሽን የሰማ ሰው ሁለት ነገር መጠየቁ አይቀርም። አንዱ "ቄሶቻችሁ ለምንድነው የማያገቡት" ነው፣ ሌላው ደሞ "እናንተ ጋር ፍቺ የለም አሉ፣ እውነት ነው?" የሚለው። የቄሶቹን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ሁለተኛውን እናውራ፣ ምክንያቱም እዚህኛው ላይ እኛ ካቶሊኮቹም ጠበቅ አርጎ የሚጠይቀን ካገኘን እንንተባተባለን። ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ወሬው ሲነሳ አንዱ "የአክስቴን ልጅ ቤተክርስቲያን አፋትታዋለች" ይላል፣ ሌላው "እሱማ ብር ስላለው ነው" ይላል፣ ሌላዋ ደሞ "ጳጳሱን የሚያውቅ ሰው ካለሽ ያልቅልሻል" ትላለች፣ ከዛ ሁሉም እንደተረዳ ሆኖ ሂሳብ ይከፈልና ይወጣል።

እውነቱ ግን ሦስቱም ጋር አይደለም። እስቲ ከሥሩ እንየው።

የቤ/ክ ትምህርት እንዲህ ነው። ጋብቻ ማለት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሙሉ ሕይወታቸውን ለመካፈል የሚገቡት ኪዳን ነው። ዓላማውም የሁለቱ የራሳቸው መልካም ኑሮና ልጅ ወልዶ በእምነት ማሳደግ ነው። ሁለቱም የተጠመቁ ከሆነ ያ ኪዳን ራሱ ምሥጢር ነው፣ ከሰባቱ አንዱ፣ ምሥጢረ ተክሊል የምንለው። አንድ ለአንድ ነው፣ ደሞም አይፈርስም። "እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው" የሚለው የማቴዎስ 19 ቃል ሠርግ ላይ ሁሉም የሚጠቅሰው ነው፣ የካቶሊክ ቤ/ክ ግን ቃል በቃል ነው የወሰደችው፣ ሰው የተባለው ውስጥ ዳኛም፣ ሽማግሌም፣ ጳጳስም አለበት። ሁለቱ የተጠመቁ ሰዎች በትክክል ተጋብተው አብረው ከተኙ በኋላ ያን ጋብቻ የሚያፈርሰው ሞት ብቻ ነው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም (ር.ሊ.ጳ.፣ ፖፑ ማለት ነው) አይችሉም። ሁሌም የምንረሳው "በትክክል ተጋብተው" የምትለዋን ነው፣ ጨዋታው በሙሉ ያለው ደሞ እዛች ላይ ነው።

በትክክል መጋባት በምንድነው የሚለካው? የሕገ ቀኖናው፣ ማለትም የቤ/ክ የሕግ መጽሐፍ፣ መልስ አጭር ነው፣ ጋብቻን የሚፈጥረው የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ነው፣ ያንን ፈቃድ ደሞ በምድር ላይ ያለ ማንም ሌላ ኃይል ሊተካው አይችልም። የአባትሽ "እሺ" አይተካውም፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት አይተካውም፣ የሼራተኑ አዳራሽ አይተካውም። ስለዚህ ቤ/ክ ስለ አንድ ትዳር ስትጠየቅ የምትመለከተው ያቺን ቀን ነው፣ ቃሉ የተሰጠበትን ሰዓት። ከዛ በኋላ ተደባደቡ፣ አመነዘረ፣ ጠጪ ሆነ፣ አሜሪካ ሄዳ ቀረች፣ እነዚህ ሁሉ ያሳዝናሉ እንጂ ለዚህ ጥያቄ በራሳቸው መልስ አይሆኑም። መልስ የሚሆኑት ያኔ የነበረውን ነገር ካሳዩ ብቻ ነው። ይሄ ለብዙ ሰው ይከብደዋል፣ እኔንም ይከብደኛል አንዳንዴ፣ ግን ሎጂኩን አንዴ ከያዛችሁት የቀረው ሁሉ ራሱን ያስረዳል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ካቶሊክ ስንል አንድ ወጥ ሕግ ያለን ይመስላል፣ ግን ሁለት ነው ያለን። የላቲን ሥርዓት ቤ/ክ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና አላት፣ የምሥራቅ ሥርዓት የምንባለው ደሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የራሳችን አለን። የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የግዕዝ፣ ማለትም የምሥራቅ፣ ሥርዓት ነው፣ እምድብርና አዲግራትም እንደዛው፣ ከሶዶ ወይም ከሐዋሳ ወይም ከሆሳዕና የመጣው ወንድማችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ላቲን ነው። ጋብቻ ላይ ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። በላቲኑ አስተሳሰብ ምሥጢሩን እርስ በእርስ የሚሰጣጡት ሙሽሮቹ ናቸው፣ ቄሱ በቤ/ክ ስም ቃላቸውን ይቀበላል፣ ዲያቆንም ሊሆን ይችላል። በእኛ ግን የቄሱ ቡራኬ የግድ ነው፣ ያለሱ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም፣ ዲያቆን ደሞ አይችልም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱን ሕጎች ሲያስማሙ ከሙሽሮቹ አንዱ እንኳ የምሥራቅ ሥርዓት ከሆነ ዲያቆን እንዳያጋባ በግልጽ አስፍረውታል። ስለዚህ ወላይታ ያደገ ልጅና ጉራጌ ያደገች ልጅ አዲስ አበባ ላይ ሲጋቡ ቆሞሱ (የአጥቢያው ኃላፊ ቄስ) "የየት ሥርዓት ነሽ" ብሎ ሲጠይቃት ዘር እየቆጠረ አይደለም።

ጋብቻ ሲፈጸም ሁለት ምስክርና ቄስ የግድ ነው የሚለው ነገር ከየት መጣ ካላችሁ፣ አውሮፓ ውስጥ ድሮ ሰው ጓዳ ውስጥ "አገባሁሽ፣ አገባሁህ" ተባብሎ ይጋባ ነበር፣ ከዛ ወንዱ ሌላ ያገባና የመጀመሪያዋን "አላውቃትም" ይላል፣ ማስረጃ የለማ። ትሬንት የተባለው የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ከዚህ በኋላ ቆሞሱና ቢያንስ ሁለት ምስክር በሌሉበት የተደረገ ጋብቻ አይጸናም አለ። አዋጁ ሴቶቹን ነው በዋናነት የጠቀመው።

አሁን ወደ ቁምስና (የአጥቢያ ቤ/ክ) ቢሮ እንግባ፣ ምክንያቱም ሰው የማያውቀው ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። ለጋብቻ ስትመዘገቡ የቅርብ ጊዜ የጥምቀት ሰርተፍኬት አምጡ ትባላላችሁ፣ ልብ በሉ፣ እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው የድሮው አይሠራም። ሰው ይናደዳል፣ "ሁለቴ ተጠመቅኩ እንዴ?" ይላል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ስታገቢ ያገባሽበት ቁምስና ወደተጠመቅሽበት ቁምስና ይጽፋል፣ እዛ ያለው የጥምቀት መዝገብ ላይ ስምሽ አጠገብ ኅዳጉ ላይ "በዚህ ቀን ከእከሌ ጋር ተጋብታለች" ተብሎ ይሞላል። ስለዚህ ከእምድብር ወይም ከሶዶ አዲስ ሰርተፍኬት ሲመጣ ጀርባው ላይ ከዚህ በፊት ማግባት አለማግባትሽ አብሮ ይመጣል። ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ሲስተም ነው፣ አንድ ሰውዬ ጅማ አግብቶ አዲስ አበባ ላይ "ወንደላጤ ነኝ" እንዳይል። ችግሩ የገጠሩ ቁምስና ስልክ አይነሳም፣ ቆሞሱ ለሐዋርያዊ ሥራ ወጥቷል፣ መዝገቡ ላይ ስምሽ የተጻፈው በቤት ስምሽ ነው፣ ምናምን፣ ስለዚህ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ።

ከዛ ቃለ መጠይቅ አለ። ሁለታችሁንም ለየብቻ ነው፣ አንዱ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቆያል። ፎርም አለ፣ ቄሱ እያነበበ ይጠይቃል፣ በመሐላ ነው የምትመልሺው። በራስሽ ፈቃድ ነው የምታገቢው? ያስገደደሽ ሰው አለ? ጋብቻ እስከ ሞት እንደሆነ ታምኛለሽ? ልጅ ለመውለድ ፈቃደኛ ነሽ? ለሱ ብቻ ታማኝ ለመሆን ወስነሻል? የደበቅሽው ትልቅ ነገር አለ? መጨረሻ ላይ ትፈርሚያለሽ። ብዙ ሙሽሪት "ውይ አባ ደሞ፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ይጠየቃል?" ብላ ትስቃለች፣ ግን ይቺ ወረቀት ፋይል ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከዓመታት በኋላ ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ የምትወጣው እሷው ናት። በነገራችን ላይ አንዳንድ ልጆች በዚህ ፎርም ላይ ሲደርሱ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርጉን የሚፈልጉት እነሱ ሳይሆኑ ቤተሰቦቻቸው መሆናቸው የሚገባቸው፣ እና ያኔ መቆም ይቻላል፣ ካርድ ታትሞም ቢሆን። ፎርሙን የጻፈው ሰው ይሄን ያሰበበት ይመስለኛል።

እሺ፣ አሁን "ተሰረዘልኝ" ወደሚሉት እንምጣ። ትክክለኛ ስሙ የጋብቻ አለመጽናት ውሳኔ ነው፣ ምንም ነገር አይሰረዝም። ፎርጅድ ካርታ ያለው ቤት ገዝተሃል እንበል፣ አሥር ዓመት ኖረህበታል፣ አጥር ሠርተሃል፣ ግቢው ውስጥ አቮካዶ ተክለሃል፣ ልጆችህ እዛ አድገዋል፣ ኑሮው እውነት ነው፣ ሽያጩ ግን መጀመሪያውኑ አልተፈጸመም፣ ፍርድ ቤቱም ሲወስን ቤቱን እየሸጠው አይደለም፣ የሆነውን እየተናገረ ነው። የቤ/ክ ፍርድ ቤትም እንዲሁ "ዛሬ አፋታናችሁ" አይልም፣ "ያን ቀን ጋብቻ ያልነው ነገር ጋብቻ ለመሆን የሚያስፈልገው ጎድሎት ነበር" ነው የሚለው። ልጆቹ ደሞ ምንም አይነካቸውም፣ ሕጉ በቀጥታ ሕጋውያን ናቸው ይላል፣ "ልጆቼ ዲቃላ ሊባሉ ነው" ብሎ እስከዛሬ ፋይል ያልከፈተ ሰው ካለ ይሄን ያንብብ።

ምንድነው ሊጎድል የሚችለው? እዚህ ላይ ከውጪ ምሳሌ መዋስ አያስፈልግም፣ የኛው ሀገር ይበቃል።

ጠለፋ አለ። ልጅቷ ተጠልፋ ተይዛ ባለችበት የሚደረግ ጋብቻ አይጸናም፣ "እሺ" ብትልም። ከጠላፊው እጅ ወጥታ፣ ደህና ቦታ ሆና፣ በነጻነት ከመረጠችው ብቻ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተከፍሎ ቤተሰብ ስለታረቀ ነገሩ ጋብቻ አይሆንም። የሀገራችን የድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር፣ ይሄ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። በቤ/ክ ሕግ ግን ጠለፋ ጋብቻ እንዳይጸና የሚያደርግ ራሱን የቻለ መሰናክል ሆኖ ከዛ በጣም ቀድሞ ነበር።

ማስገደድና ከባድ ፍርሃት አለ። የግድ ሽጉጥ አያስፈልግም፣ "ይሄን ካላገባሽ እኔ አባትሽ አይደለሁም" ያላት አባት፣ አርግዛ ስለተገኘች ውርደት ለመሸፈን በሁለት ሳምንት የተደገሰ ሠርግ፣ እነዚህ ይመረመራሉ። ማርገዝ ብቻውን ምክንያት አይደለም፣ ነጻነቷን ወስዶባት ነበር ወይ ነው ጥያቄው።

ቅድመ ሁኔታ አለ። "በሁለት ዓመት ካልወለደች እመልሳታለሁ" ብሎ ያገባ ሰው አላገባም። የምሥራቁ ሕግ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ጋብቻ ጨርሶ ሊጸና አይችልም ነው የሚለው።

ማስመሰል አለ፣ ይሄኛው ደሞ የዘመናችን ነው። አፉ "እስከ ሞት" እያለ በልቡ ግን ዘላቂነቱን፣ ወይ ታማኝነቱን፣ ወይ ልጅ መውለዱን ቆርጦ ያወጣ ሰው። ዲቪ ደርሶት ወይም ስፖንሰር ለመሆን ብሎ ያገባ፣ ግሪን ካርዱ እጁ ሲገባ ሊበተን ቀድሞ የተስማማ፣ ይሄ ቄስ ፊት ቢደረግ እንኳ ጋብቻ አይደለም። ግን መረጋገጥ አለበት፣ በወሬ አይሆንም፣ ያኔ የተጻጻፉት ቴክስት፣ ነገሩን ያወራለት ጓደኛ፣ የገንዘቡ ዝውውር።

የሥነ ልቦና አለመቻልም አለ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ የጋብቻን ግዴታ እንዳይሸከም ያደረገው ሰው። "አመላችን አልገጠመም" እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ሁሌ ይሞከራል ግን አይገባም። ማታለልም አለ፣ ትዳሩን ከባድ አድርጎ ሊያናጋ የሚችል ነገር ሆን ተብሎ ተደብቆ ፈቃድ ለማግኘት ከሆነ።

ስለ መውለድ ከተነሳ እዚህ ጋ ቆም እንበል። እኛ ሀገር ልጅ ያልመጣበት ቤት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ በተለይ ሴቷ። የቤ/ክ ሕግ ግን አለመውለድ ጋብቻን አይከለክልም፣ አያፈርስምም ይላል፣ ጥቁር በነጭ። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ትዳራቸው ከወለዱት አያንስም። ከጋብቻ በፊት የነበረና የማይድን የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማድረግ ያለመቻል ነው መሰናክል የሚሆነው፣ እሱ ሌላ ነው። ስለዚህ ሚስቱን "መካን ነሽ" ብሎ ሌላ ሊያገባ ቤ/ክ ፈቃድ የሚጠይቅ ወንድ መልሱ አይሆንም ነው፣ መካንነቷን አውቃ አታላው ካልሆነ በቀር። ሁሉም የሚያማት ይቺ ሕግ ስንት ሴት እንዳዳነች ማንም አያወራም።

ሌሎች መሰናክሎችም አሉ፣ ቶሎ ልለፋቸው። የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት አይችሉም፣ እኛ ሰባት ቤት ስለምንቆጥር ይሄ እንኳ ላላ ያለ ነው ሊመስለን የሚችለው። በምሥራቁ ሕግ የክርስትና አባት ያነሳትን ልጅም ሆነ የልጅቷን እናት ማግባት አይችልም፣ የላቲኑ ሕግ ይሄ የለውም፣ ሐበሻ ግን ሳይነገረውም ያውቀዋል፣ አበ ልጅ ነዋ። የሞተ ወንድምን ሚስት መውረስም፣ ዋርሳ የሚባለው፣ በምሥራቁ ሕግ መሰናክል ነው።

ፕሮሰሱ እንዴት ነው? ማመልከቻ ለቤ/ክ ፍርድ ቤት ይገባል፣ ሌላኛው ወገን ይጠራል፣ ምስክሮች ይሰማሉ፣ በተለይ ከሠርጉ በፊትና በሠርጉ ሰሞን የነበሩትን የሚያውቁ፣ እህት፣ ሚዜ፣ ጎረቤት። የትስስሩ ተከላካይ የሚባል ሰው ደሞ አለ፣ ሥራው ጋብቻው የጸና ነው ብሎ መከራከር ነው፣ ሁለቱም "ይፍረስልን" ብለው ቢስማሙ እንኳ እሱ ይከራከራል። ድሮ ሁለት ፍርድ ቤት መስማማት ነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፍራንቸስኮስ ያንን አስቀርተው አንድ ውሳኔ ይበቃል አሉ፣ ይግባኝ የሚል ካለ በስተቀር፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሁለቱም ሲስማሙበት ደሞ ጳጳሱ ራሱ በአጭር ሥርዓት ሊፈርድ ይችላል። እንግዲህ "ጳጳሱን ካወቅሽ" የሚለው ወሬ ከዚህ ይሆናል የመጣው፣ ጳጳሱ ግን ዳኛ ሆኖ ነው እንጂ ውለታ እየዋለ አይደለም። አገልግሎቱ በተቻለ መጠን በነጻ እንዲሆንም አዘዋል፣ ስለዚህ የብሩም ወሬ መሠረቱ ሳስቷል።

የመንግሥቱ ሕግ ሌላ መስመር ነው፣ አትቀላቅሉት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ክብር መዝገብ ፊት የተፈጸመውንም፣ በሃይማኖት የተፈጸመውንም፣ በባህል የተፈጸመውንም እኩል ጋብቻ ይላቸዋል፣ ዕድሜ 18፣ ሁሉም መመዝገብ አለበት። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የቤ/ክ ውሳኔ ይዘህ ወረዳ ብትሄድ ያገባህ ነህ ይሉሃል፣ የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ይዘህ ቁምስና ብትሄድ እነሱም ያገባህ ነህ ይሉሃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለት ወረቀት ነው የሚያስፈልግህ። ደሞ ፍርድ ቤት መፋታት በራሱ ከቤ/ክ አያስወጣም፣ የሚደበድብ ባል ጋ ተቀመጪ የሚል ሕግ የለም፣ ተለይቶ መኖር ይፈቀዳል፣ ሌላ እስካላገባች ድረስ ቁርባን መቀበልም ትችላለች። ይሄን የማያውቁ ስንት ሴቶች አሉ፣ ተፋተናል ብለው ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ለዓመታት የማይቆርቡ። ኸረ ቁረቡ።

ከኦርቶዶክስ ወይ ከፕሮቴስታንት ጋር መጋባትስ? ይሄ ለኛ ተራ ጉዳይ ነው፣ በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ 0.7 በመቶ ነበር፣ ከራሳችን ብቻ እናግባ ብንል አልቀን ነበር። ከተጠመቀ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ጋር ለመጋባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ካልተጠመቀ ሰው፣ ለምሳሌ ከሙስሊም ጋር ደሞ ልዩ ፈቃድ፣ ያለሱ ጋብቻው አይጸናም። ካቶሊኩ ወገን ሁለት ነገር ቃል ይገባል፣ እምነቴን አልተውም፣ ልጆቼን በካቶሊክ ለማስጠመቅና ለማሳደግ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብሎ። ሌላኛው እንዲያውቀው ይደረጋል፣ ግን እሱን አያስፈርሙትም፣ "ሃይማኖቱን ሊያስቀይሩት ነው" የሚባለው ስህተት ነው።

ከኦርቶዶክስ ጋር ያለው ደሞ የሚገርም ነው። ካቶሊኳ ኦርቶዶክሱን በሱ ቤ/ክ በካህን ቡራኬ ብታገባ፣ ያለ ፈቃድም ቢሆን፣ የካቶሊክ ቤ/ክ ጋብቻው የጸና ነው ትላለች፣ ሥርዓት ጥሰሻል ግን ሚስቱ ነሽ ነው ነገሩ፣ ምክንያቱም የኦርቶዶክስ ክህነትና ምሥጢራት እውነተኛ መሆናቸውን ታምናለች። ያው በተግባር ኦርቶዶክስ ቤ/ክ በተክሊል የምታጋባው የራሷን ልጆች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ ወደ "መጀመሪያ ተጠመቂ" ይሄዳል፣ አማቶች መሃል ያለው ጦርነት ከዚህ ይነሳል። ደሞ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፣ ኦርቶዶክስ ጋር ተክሊል ለደናግል ነው፣ ሌላው በቁርባን ይጋባል። ካቶሊክ ጋር እንዲህ ያለ መለያ የለም፣ ለማግባት ነጻ የሆነ ሰው ንስሐ ገብቶ ይጋባል፣ የኦርቶዶክስ ዘመድ "እንዴት ተክሊል ደፋች" ብሎ ቢያማ ሥርዓቱ የተለያየ መሆኑን ንገሩት። ፕሮቴስታንት ቸርች ወይ ክፍለ ከተማ ብቻ የተፈጸመ ግን ለካቶሊኩ ወገን፣ ከሥርዓቱ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ካልተሰጠ፣ አይጸናም።

ስለ ወሊድ መከላከያ አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ምክንያቱም የጋብቻ ዝግጅት ኮርሱ ላይ ሁሉም የሚያቀረቅረው እዚህ ጋ ነው። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት መልዕክት ፒል፣ መርፌ፣ ሉፕ፣ ኮንዶም ለወሊድ መቆጣጠሪያ አይፈቀድም፣ የሴቷን ዑደት ተከትሎ ማራራቅ ግን በበቂ ምክንያት ይቻላል ተብሏል። ያንን የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፣ ቻርት ይሞላል፣ ሙቀት ይለካል። ስንቱ ካቶሊክ እንደሚከተለው ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ትምህርቱ ግን አልተለወጠም። እና ይሄም ከፈቃዱ ጋር ይገናኛል፣ ራሴን በሙሉ ሰጥቻለሁ ካልክ መውለድህን ቆርጠህ አታስቀር ነው ሐሳቡ።

የቀረው ከባዱ ነው፣ ፍርድ ቤት ተፋተው በማዘጋጃ ቤት ድጋሚ የተጋቡት። ከቤ/ክ አልተወገዙም፣ ቅዳሴ ይመጣሉ፣ ልጆቻቸው ይጠመቃሉ። የመጀመሪያው ጋብቻ የጸና ሆኖ እስካለ ድረስ ግን ሁለተኛውን ቤ/ክ ጋብቻ አትለውም፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 በልጆች ምክንያት መለያየት ካልቻሉ እንደ ወንድምና እህት ከኖሩ ይቁረቡ አሉ። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ሁለት ሲኖዶስ ካደረጉ በኋላ በ2016 ባወጡት መልዕክት እያንዳንዱ ሰው ከካህኑ ጋር ኑሮውን ይመርምር፣ በአንዳንድ ሁኔታ የምሥጢራት እርዳታም ሊኖር ይችላል ብለው በግርጌ ማስታወሻ ጻፉ፣ በዛች ግርጌ ማስታወሻ ዓለም ተናወጠ፣ ካርዲናሎች ሳይቀሩ በጽሑፍ ጠየቁ። እኔ የሚመስለኝ ብዙ ሰው እዛ ክርክር ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው ጋብቻው የጸና መሆን አለመሆኑን አስመርምሮ አያውቅም፣ ከዛ መጀመር ይቀላል።

በተለይ ደሞ ካቶሊክ ሆናችሁ ለቪዛ ብላችሁ ክፍለ ከተማ ብቻ ተፈራርማችሁ አሁን ልጅ ወልዳችሁ የምትኖሩ፣ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ኬዝ ነው። ችሎት አያስፈልግም። ሌላ ጋብቻ ከኋላችሁ ከሌለ ከጥምቀት ሰርተፍኬታችሁና ከወረዳ ሰርተፍኬታችሁ ጋር ቆሞሳችሁን አናግሩ፣ ለየብቻ ትጠየቃላችሁ፣ ንስሐ ትገባላችሁ፣ በአዘቦት ቀንም ቢሆን ሁለት ምስክር ይዛችሁ ቄሱ ባርኮ ያጋባችኋል፣ ድግስ አያስፈልግም፣ ጾም ላይ ከሆነ ግን ፋሲካ እስኪያልፍ ጠብቁ ሊሏችሁ ይችላሉ። ልደታ ካቴድራል ሂዱ ከተባላችሁ ደሞ ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው ነው፣ ታክሲው ልደታ ክፍለ ከተማ እንዳይወስዳችሁ።